ሁለት ሜትር ከአሥር

ቅዳሜ ጧት፣ መጋቢት 9

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ፣ ያቺ ሚስቴ፣ እትዬሽ፣ ጉልበቴን አመመኝ እያለች ደረጃውን በቀን አራት ጊዜ ወጥታ ትወርዳለች። ከጎረቤት የታመመ፣ የተጣላ፣ ቤት የለቀቀ እንደሆነ ከእሷ ቀድሞ የሚያውቅ የለም። እኔም አለሁ። መነጽሬ ወፍሯል፣ ወገቤ ሳያስፈቅደኝ ጎበጥ ማለት ጀምሯል፤ ሠራተኞቹ ግን አሁንም "ጋሼ ቱንቢ" ይሉኛል። የምንቆፍረው ቦይ ግድግዳ አንድ ጣት ከዘመመ እንደማልተኛ ስለሚያውቁ ነው።

ባለፈው ሳምንት ስትደውዪ እትዬሽን "የሥራ ልምድ ማስረጃዬ ለምን ዘገየ?" ብለሽ ጠይቀሻት ነበር። እሷም "ቢሮ እኮ ነው፣ ቢሮ መቼ ቸኩሎ ያውቃል" አለችሽ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ዳቦ እየቆረስኩ ነበር። ማስረጃሽን ያዘገየው ቢሮው አይደለም፣ እኔ ነኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረሰሽ እዚያ ያለው የጥንት ቅርስ ቁፋሮ ድርጅት ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጠው፣ አንቺም አንድ ዓመት ደግመሽ በአረጋውያን መጦሪያው አንሶላ ስታጥቢ እንደምትከርሚ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው ዳቦዬን ቆርሼ የበላሁት።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ስለማውቅሽ ነው። በስልክ ቢሆን ገና አፌን ስከፍት "ተወው ወንድም ጋሼ፣ ያለፈ ነገር ነው" ትይኛለሽ፤ እኔም ደስ ብሎኝ እተወዋለሁ። ወረቀት ግን ሰውን አያቋርጥም። ስለዚህ የምታውቂውንም የማታውቂውንም ከመጀመሪያው እጽፈዋለሁ። የምታውቂውን የምደግመው ከእኔ አፍ አንድም ቀን ስላልሰማሽው ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አዲሱ መንገድ የሚያልፍበትን ያን ረጅም የአፈር ክምር እንድናጠና ስንላክ፣ እኔ የቁፋሮው ኃላፊ ነበርኩ፣ አንቺ ለኪና ሰዓሊ። "ቱንቢና ሜትር መጡ፣ ዛሬ ቀልድ የለም" ይሉን ነበር። ክምሩን ታስታውሺዋለሽ። የጥንት ሰዎች ጉድባ ቆፍረው፣ ያወጡትን አፈር ጎን ለጎን ቆልለው፣ "ከዚህ ወዲህ የእኛ፣ ከዚያ ወዲያ የእናንተ" የተባባሉበት ወሰን ነው። ከኮረብታው ጥግ እስከ ወንዙ ድረስ ሦስት ኪሎ ሜትር ይሄዳል። መንገዱ የሚወስደው መቶውን ሜትር ብቻ ነበር። እኛ ያን ቁራጭ ማሽን ሳይደርስበት የሚነግረንን ሁሉ እንዲነግረን ማድረግ ነበረብን። በመጀመሪያ ክምሩን አቋርጠን አንድ ቦይ ቆፈርን። በዚያ ቦይ የሚገኘው ነገር የቀረው ርዝመት በእጅ ይከፈት ወይስ ለማሽን ይለቀቅ የሚለውን ይወስናል።

ከላይ ጥቁሩ አፈር፣ ከሥሩ ድብልቅልቁ፣ ከዚያ ቢጫው መጣ። ቢጫው ንጹሕ ነበር። ከሰል የለው፣ ገል የለው። የአፈር መፋቂያዬን አስቀመጥኩና "ድንግል ነው፣ ጨርሰናል" አልኩ። የሰው እጅ ያልነካው አፈር ላይ ስንደርስ እንዲህ ነው የምንለው፤ ከዚያ በታች የሚፈለግ ነገር የለም ማለት ነው። መሣሪያ የምናስቀምጥበት ኮንቴይነር ውስጥ ገብቼ ለቢሮው ደወልኩ። ሐሙስ እንጨርሳለን ብዬ ነበርና ማክሰኞ መጨረሴን አፌን ሞልቼ ተናገርኩ።

አንቺ ደግሞ ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ ከቦዩ ጥግ የሁለት እጅ ስፋት ያላት ጉድጓድ ወደ ታች ቆፈርሽ። ሁልጊዜ የሜትሩን ጫፍ እኔ እይዝልሽ ነበር። የዚያን ቀን ጫፉን በሚስማር ወግተሽ ብቻሽን ለካሽ። ስንመለስ የሥዕል ሰሌዳሽን ጉልበትሽ ላይ አድርገሽ ስትስይ አገኘንሽ። በሚሊሜትር ወረቀቱ ላይ፣ ከቢጫው ሥር፣ አንድ ጥቁር መስመር ነበር። ጎኑ ላይ "2.10" ብለሻል።

"ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ቢጫ ከጉድባው ወጥቶ እላይ የተደፋ ነው" አልሽኝ። "የድሮው መሬት ከሥሩ ነው ያለው። ገና አልደረስንም።"

ቀስ ብለሽ ነው ያልሽው፤ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ። ግን ቦይ ውስጥ የተነገረ ነገር ለሁሉም ይሰማል። ስምንት ሠራተኛ ቆሞ ነበር።

ለብዙ ጊዜ ለራሴ ምክንያት ስደረድር ኖሬያለሁ። ዝናብ ሊገባ ነበር። ቢሮው ያጣድፈን ነበር። ያቺ ጥቁር ነገር የአይጥ ጉድጓድ ወይም የበሰበሰ ሥር ልትሆን ትችል ነበር። ሁሉም ሰበብ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፦ መፋቂያ አያያዝ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። እናትሽ ከሞተች በኋላ የጫማሽን ክር ያሰርኩልሽ፣ ትምህርት ቤት ወላጅ አምጪ ስትባይ የሄድኩልሽ እኔ ነኝ። አንቺ በሰው ፊት ስታርሚኝ አልወደድኩትም። ያቺን ጉድጓድ ጎንበስ ብዬ አላየኋትም እንኳ። ባይ እንደማምንሽ ስለማውቅ ነው ያላየሁት።

"ሜትራችን ዛሬ ከምድር ሥር ሌላ ምድር አገኘችልን" አልኩ። ሠራተኞቹ ሳቁ። ሲስቁ ደስ አለኝ፤ ይህንንም ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ወረቀቱን ከእጅሽ ወሰድኩ። ላጲሱን ከሰሌዳሽ ላይ አንስቼ መስመሩን ፋቅሁት፣ ቁጥሩንም ፋቅሁት፣ በራሴ እጅ "ድንግል አፈር" ብዬ ጻፍኩበት። "ፈርሚ" አልኩሽ። "የሳለው" በሚለው ቦታ ፈረምሽ፤ እኔ "ያረጋገጠው" በሚለው ፈረምኩ። የላጲሱን ፍርፋሪ በእጅሽ ጀርባ ጠርገሽ አራገፍሽ። ጉድጓዷንም ራስሽ መልሰሽ ደፈንሻት፤ ሥርዓት ነዋ፣ የከፈትነውን መድፈን ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁ።

በሁለተኛው ወር ባሕር ማዶ ሥራ አገኘሁ ብለሽ ሄድሽ። ለዘመድ ሁሉ "ዕድል ቀናት" እያልኩ አወራሁ። እትዬሽ "ይቺ ልጅ እንዲህ የምትወደውን ሥዕል ትታ አንሶላ ልታጥብ ነው እንዴ የምትሄደው? ምን ሆና ነው?" ብትለኝ፣ ወጣት ናት፣ ዓለም ማየት አምሯት ነው አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

መንገዱ እንደምታውቂው ተጓተተ፤ ማሽኖቹ ክምሩ ጋ የደረሱት ገና ባለፈው ወር ነው። የኤክስካቫተሩ ሹፌር "ዶክተር" ይባላል። በዚህ ማሽን እንቁላል አንስቼ ሳልሰብር አስቀምጣለሁ የሚል ጉረኛ ነው፣ ግን ዓይን አለው። አንድ ጧት ደወለልኝ። "ጋሼ፣ እስቲ ብቅ ይበሉ፣ አፈሩ ቀበቶ ታጥቋል" አለኝ።

ሄድኩ። ማሽኑ ክምሩን ጎምዶ ጎምዶ ጥሎታል። በተቆረጠው ግድግዳ ላይ፣ ከቢጫው ሥር፣ ጥቁሩ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ የትም ቦታ አይቋረጥም። እንዲህ ያለ አይጥ አይቼም ሰምቼም አላውቅ። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ። ሁለት ሜትር ከአሥር። ራቅ ብዬ ለካሁ፤ ሁለት ሜትር ከስምንት። ተመልሼ ለካሁ፤ ሁለት ሜትር ከአሥር። ዶክተር "ምነው ጋሼ፣ ላብ በላብ ሆኑ" ብሎ ውሃ ሰጠኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው በኤክስካቫተር ጠራ።

ሥራው ለሦስት ቀን እንዲቆም ለመንኩ። ማሽኑ ያልደረሰባት ስድስት ሜትር ቀርታ ነበር። ስድስት ሜትር፣ ከመቶ። ቢጫውን በእጅ አንስተን ጥቁሩ ላይ ስንደርስ ያገኘነውን ካንቺ በፊት ማወቅ የሚገባው ሰው የለም፦ የማረሻ ትልም ነው። ትልም በትልም ላይ፣ ከክምሩ ወዲህ ይመጣና ከሥሩ አልፎ በወዲያ በኩል ይወጣል። ወሰኑ ከመሠራቱ በፊት አንድ ማሳ ነበር ማለት ነው። አንድ ቦታ ላይ አራሹ ድንጋይ ገጥሞት ትልሙ ጠመም ይልና ድንጋዩን ዞሮ ወደ መሥመሩ ይመለሳል። ድንጋዩ እዚያው ተቀምጧል። ሰውየው ስንት ጊዜ "ይሄን ድንጋይ ነገ አወጣዋለሁ" ብሎ እንዳሳደረው እያሰብኩ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ አንቺ አጠገቤ አለመኖርሽ ትዝ ሲለኝ ሳቄ ጠፋ። ፖስታው ውስጥ ፎቶውን አድርጌልሻለሁ።

በቀረው ዘጠና አራት ሜትር ላይ ምን እንደነበረ አሁን ማንም አያውቅም። በገልባጭ መኪና ተጭኖ ሄዶ የመንገድ መሙያ ሆኗል። ምናልባት ቤት ነበረ፣ ምናልባት መቃብር ነበረ፣ ምናልባት ምንም አልነበረ። አንቺ በሁለት እጅ ስፋት ጉድጓድ ያየሽውን እኔ በሰዓቱ ባይ ኖሮ ሁሉንም በመፋቂያ እንከፍተው ነበር። ይህን የሚመልስ ይቅርታ የለም፤ አፈር አንዴ ከተገለበጠ ተገለበጠ ነው።

እስካሁን የጻፍኩልሽ ትዕቢቴን ነው። የሚቀጥለው ከዚያ ይብሳል።

የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ቢሮው ስብሰባ ጠራ። ኃላፊዋ አዲስ ናት፣ ካንቺ በጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር የምታነብ፣ ሥርዓት ያላት ሴት ናት። የሥዕሉን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ይህን የሳለው ማን ነው አለች። እህቴ ናት አልኩ። ያን ጊዜ ምን ያህል ልምድ እንደነበረሽ ጠየቀችኝ።

"ልጅ ነበረች" አልኩ።

ውሸት እንኳ አይደለም፣ ሃያ ሦስት ዓመትሽ ነበር። ግን ምን ብዬ እንደተናገርኩ፣ ምን ብለው እንደሚሰሙኝም አሳምሬ አውቅ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ስድስት ሰዎች ሁላችንም ቀለል አለን። ጥፋት እዚያ በሌለ ሰው ላይ ሲወድቅ ለሁሉም ይመቻል። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ "ስህተቱ የተፈጠረው በሰዓሊዋ የልምድ ማነስ ነው" ብሎ አሰፈረ፤ እኔም ፈረምኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ወደ ቤት ስሄድ፣ እሷ እዚያ ሩቅ ናት፣ ማን ይነካታል፣ ወረቀት ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። የማስረጃሽ ማመልከቻ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ እዚያው የወረቀት ክምር ውስጥ ነበር። አላየሁትም ብልሽ በወደድኩ፤ ግን አይቼዋለሁ። ማስረጃሽ የታገደው በዚያ ቃለ ጉባኤ ነው።

በማግስቱ መዝገብ ቤት ገብቼ ዋናውን ሥዕል ከመሳቢያው አወጣሁ። በደንብ ፍቄው እንደሆነ ለማየት ነው ያወጣሁት። ወደ መስኮቱ አዘንብዬ ያዝኩት። አንቺ እርሳስ ስትይዢ ጫን ትያለሽ፤ ስንቴ "ወረቀቱን እንደ ማሳ አትረሺው" ብዬሻለሁ። ጥቁረቱ ሄዷል፣ የእርሳሱ ጉድጓድ ግን አለ። ቁጥሩም አለ፤ ጣቴን ሳስኬድበት ይሰማኝ ነበር። ግራ ቀኝ አየሁ። ማንም የለም። ጠቅልዬ ኮቴ ውስጥ ከተትኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ቅርስ እንዳይሰረቅ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ከመዝገብ ቤት ሰርቄ ወጣሁ።

ሥዕሉ ኮቴ ውስጥ፣ ኮቴ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ዘጠኝ ቀን ቆየ። ሌላ ኮት ለብሼ ሥራ ገባሁ፤ ማን ይጠረጥራል። ሐሙስ ዕለት እትዬሽ ልትቦርሸው አውጥታ አገኘችው። "ይሄ የሷ ፊርማ አይደለም እንዴ? እዚህ ምን ይሠራል?" አለች። ነገርኳት፣ ሁሉንም። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ጉልበቷን ማሸት ጀመረች።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስላንተ ነው" አለችኝ። "አንድ ቀን ትንፍሽ አላለችም። እኔ ደግሞ፣ ወንድሟን ስልክ ላይ ለምን ረዘም አድርጋ አታዋራውም ብዬ እሷን ነበር የምታዘባት።"

ከዚያ ሥዕሉን እንዳይታጠፍ በንጹሕ የትራስ ልብስ ጠቀለለችው፣ በር ላይ ከጃንጥላው አጠገብ አቆመችው፣ ወደ ሥራዋ ገባች። እስከ ማግስቱ ማታ አላናገረችኝም።

ትናንት ይዤው ሄድኩ። ለኃላፊዋ እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ ጉድጓዷን፣ ላጲሱን፣ "ፈርሚ" ማለቴን፣ ስርቆቴን። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ሥዕሉን ወደ መስኮቱ አዘንብዬ አሳየኋት፣ እሷም በጣቷ ዳሰሰችው። ሲከብደኝ የከረመ ነገር ሊወርድልኝ ነው ብዬ ነበር። እሷ ግን መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ወረቀት አወጣችና ፊቴ አስቀመጠችው። ያንቺ መልስ ነበር።

እምልልሻለሁ፣ ቢሮው እንደጻፈልሽ አላወቅሁም። ቃለ ጉባኤውን አያይዘው፣ ኃላፊሽ የነበረው ወንድምሽ እንዲህ ብሏል፣ የምትይው ካለ ብለው እንደጠየቁሽ አላወቅሁም። ለእትዬሽ በደወልሽ በአራተኛው ቀን ነው የመለስሽው። ማስረጃሽ ለምን እንደዘገየ ያኔ አውቀሻል፤ ማን እንዳዘገየውም አውቀሻል። እንዲህ ብለሽ ነው የጻፍሽው፦ "ሥዕሉ የእኔ ነው። ወንድሜ የፈረመው በእኔ ልኬት ተማምኖ ነው። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም። ማስረጃውን መጠየቄን ትቻለሁ።"

ቆሜ አነበብኩት። ተቀምጬ አነበብኩት። ፊደሎቹ ሁለት ሁለት ሆኑብኝ፣ መነጽሬን አወለቅሁ።

"ጋሼ፣ ይገባኛል" አለችኝ ኃላፊዋ። "እህትዎን ለማዳን ነው የመጡት። እኔም ወንድም አለኝ፣ እንዲህ ቢያደርግልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እሷ በጽሑፍ ያመነችውን እኔ በምን ልሰርዘው?"

መስመሩስ፣ ማን ፋቀው አልኳት። ራሷ አስምራ፣ ተጠራጥራ፣ ራሷ ፍቃው ይሆናላ አለች። "ድንግል አፈር" የሚለው የእኔ እጅ ነው አልኳት። አለቃ የበታቹ የነገረውን ቢጽፍ ምን ይገርማል አለች። ያቺን ጉድጓድሽን ላሳያት ብል ማሽን በልቷታል። የዚያን ጊዜ ሠራተኞች ይጠየቁ አልኩ፤ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፣ ተበትነዋል። አንዱ ግን አሁን የቢሮው ዘበኛ ነው፤ ተጠርቶ መጣ። ያን ቀን ያስታውስ እንደሆን ጠየቀችው። ፊቱ በራ።

"እንዴታ፣ ሜትር ከምድር ሥር ሌላ ምድር አገኘሁ ያለች ቀን አይደል? ጋሼ ያረሟት ቀን።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከዚያ ቀን የቀረው የእኔ ቀልድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እኔ ነኝ የዋሸሁት፣ እኔ ነኝ የፋቅሁት ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ኃላፊዋ ተነሥታ ክንዴን ይዛ እስከ በር ሸኘችኝ። "እንዲህ ያለ ወንድም ያላት ታድላለች" አለችኝ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሳይት ደረሰ። ዶክተር ከማሽኑ ወርዶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ለእህቱ ሲል የራሱን ስም ሊያበላሽ ሄደ እየተባባሉ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር ለቀቁልኝ። እህቴ፣ ስዋሽ አመኑኝ፣ እውነቱን ስናገር መረቁኝ። ስድሳ ዓመት ኖሬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ያን ወንበር ተቀመጥኩበት ደግሞ፣ ወገቤ አሞኝ ስለነበር።

ለምን እንደዚያ እንደጻፍሽ አውቃለሁ። ጡረታዬ አምስት ወር ቀርቶታል። በዚህ ዕድሜው ተዋርዶ ከሚወጣ እኔ አንሶላዬን ብቀጥል ብለሽ ነው። ያሳደገኝ ወንድሜ ነው ብለሽ ነው። ያሳደግሁሽ ይህን እንድትከፍዪኝ አይደለም። ደግሞ ነገሩን ዝም ብዬ ብቀበለው የሚከለክለኝ ሰው የለም፤ የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ነገ ተነገ ወዲያ እኔ ራሴ እውነትም ለእህቴ ስል ነበር ብዬ ማመን እጀምራለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ፣ ያደርገዋል።

ኃላፊዋን ሰኞ ተመልሼ አስቸግራታለሁ፣ በጽሑፍም አስገባለሁ። ግን አንድ ነገር ብላኛለች፦ አንቺ ራስሽ የመጀመሪያውን መልስሽን አንስተሽ የሆነውን እንደሆነው ከጻፍሽ ቃለ ጉባኤው ይታረማል፣ ማስረጃሽም በዚያው ቀን ይወጣል። ይህ ደብዳቤ በፈጣን ፖስታ በአምስት ቀን ይደርሳል ብለውኛል። ወሩ ሊያልቅ ጊዜ አለሽ፤ ብዙ አይደለም።

ስትጽፊ እባክሽ አታለዝቢልኝ። "ወንድሜ ተቆጥቶ" አትበዪ፤ አልተቆጣሁም፣ እየሳቅሁ ነበር። "ወንድሜ ተሳስቶ" አትበዪ፤ የሚሳሳት ሰው አይቶ ነው የሚሳሳት፣ እኔ አላየሁም። መስመሩን እኔ አሰመርኩ፣ ወንድሜ ከእጄ ወስዶ በላጲስ ፋቀው፣ ፈርሚ አለኝ፣ ፈረምኩ በዪ። "ፈረምኩ" የምትለው እንዳትከብድሽ። ታላቅሽ ነበርኩ፣ አለቃሽ ነበርኩ፣ በሰው ፊት ነበር፤ ሌላ ምን ልታደርጊ ነበር? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትይኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው። ቢሆንም ልጩህ።

ስለ እኛ አትጨነቂ። ጡረታው ቢበላሽ እትዬሽ "አንተ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስትውል ነው እኔ የምጨነቀው" ብላለች፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ እንደገና እያናገረችኝ ነው። ከእኔ ይልቅ ላንቺ ታዝናለች፣ ልክ ናት። ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ሠርታልሻለች፣ እግርሽ ይበርደዋል ብላ፤ ከዚህ ጋር ልላከው ብትል ፖስታው አይችልም አልኳት፣ ተቀየመችኝ።

ፈጣሪ ክፉ አያሳይሽ። ከድካምሽ ያሳርፍሽ። ያየሽውን ስትናገሪ ጎንበስ ብሎ የሚያይ አለቃ ይስጥሽ። ልጅ ብትወልጂ ከእኔ የተሻለ ሰው ያሳድገው።

መልሱን ለቢሮው ላኪ፤ ለእኔ መጻፍ የለብሽም፣ ባትጽፊልኝም አልቀየምም። ብቻ በኮምፒውተር አታድርጊው፣ በእጅሽ ጻፊው። ሲደርስ ኃላፊዋ ጠርታ ታሳየኛለች፤ ጽሑፍሽን እዚያ አያለሁ።

ወንድምሽ